ዳቦ ቤቱ ጋ ውረድ

የእህቴ ባል ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንዲት ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ወገቡን የሰበረው ቤቱ ውስጥ፣ የተቃጠለ አምፖል ሊቀይር በርጩማ ላይ ወጥቶ ነው። እኔ ሥራ ፍለጋ ወደ እነሱ ከተማ ስመጣ ከወደቀ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። በሁለት ክራንች ተደግፎ መጸዳጃ ቤት ደርሶ ይመለሳል፤ ከዚያ አያልፍም። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ ነው፣ ሊፍት የለም። አልጋው አጠገብ ያለው መስኮት የሚያሳየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳና ከላይ መሐረብ የምታክል ሰማይ ነው።

ተሳፋሪዎቹ «ደቂቃ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። አውቶቡሱ ብቅ ሲል ሰው የእጅ ሰዓቱን በሱ ያስተካክል ነበር ይባላል። ይህን የነገረኝ ራሱ ስለሆነ ትንሽ ቀንሼ ነው የያዝኩት። እኔ ጋሼ እለዋለሁ።

እህቴ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላና ጋዋን ትተኩሳለች። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣለች፤ አመሻሽ ላይ በአንድ እጇ ዳቦ ይዛ፣ በረኪና በረኪና እየሸተተች ትገባለች። ቤቱ አንድ ክፍልና ኩሽና ነው። እኔ ኩሽናው ውስጥ ስፖንጅ አንጥፌ እተኛለሁ። ጠዋት ስፖንጁን ጠቅልዬ ከበሩ ጀርባ ካላቆምኩት ምድጃው ጋ መድረስ አይቻልም።

ከኮሌጅ በኬሚስትሪ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ስልሳ ያህል ማመልከቻ አስገብቻለሁ። መጀመሪያ አካባቢ መልስ ሲቀር እናደድ ነበር። ቀጥሎ አዝን ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ የተወጋ ድድ ያለ ነገር ነው፤ ሲነኩህ መነካትህን ታውቃለህ፣ ግን አያምህም። አጎቴ የጡብ ማምረቻ አለው። ሁለት ወር ሞክር፣ ካልሆነልህ መጥተህ ጡብ ታራግፋለህ ብሎኛል። አነጋገሩ ክፋት አልነበረበትም። እኔም እሺ አልኩ።

በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ሦስት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። መጀመሪያ የቀለም ፋብሪካ፣ ቀጥሎ የሳሙና ፋብሪካ፣ መጨረሻ ላይ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ።

የቀለም ፋብሪካው ጥሪ የመጣ ዕለት ጋሼ እንደ ሰርግ ቤት ሰው ተነቃቃ። ትራሱን ከጀርባው አስደግፌለት ቀና አለ። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር አስመጣና አንድ ወር ቀደደ፤ ጀርባው ነጭ ነው።

«ስጠኝ ልጻፍልህ ጋሼ» አልኩት።

«ያንተ ጽሕፈት የሐኪም ጽሕፈት ነው፤ የሚያነበው ፋርማሲ ብቻ ነው። እኔ እጽፋለሁ።»

እርሳሱን በምላሱ ነካ አደረገና ጻፈ። ከደረጃው እስከ ፌርማታው አራት ደቂቃ። ከፌርማታው እስከ ዛፉ አደባባይ አሥራ ሁለት። አደባባዩን ወደ ግራ ዞሮ እስከ ሰዓት ሰሪው ሰባት። ከሰዓት ሰሪው እስከ ዳቦ ቤቱ ዘጠኝ። ዳቦ ቤቱ ጋ ውረድ። ከዳቦ ቤቱ በስተጀርባ ባለው መንገድ በእግር ስድስት ደቂቃ።

«ሠላሳ ስምንት» አለ፤ ሳይደምር ነው ያወቀው። «ሁለት ደቂቃ ለጥበቃው። አርባ።»

«ለማንኛውም ግማሽ ሰዓት ቀደም ብል አይሻልም?»

እርሳሱን አስቀመጠ። «ስማኝ ወንድሜ። ያረፈደ አውቶቡስ ሲመጣ ሰው እየተሳደበም ቢሆን ቆሞ ይጠብቀዋል። ቀድሞ ያለፈውን ግን ማን ይይዘዋል? ጋራዥ ውስጥ የሁለቱም ቅጣት እኩል ነበር። ደግሞ ሰው ደጅ ላይ ግማሽ ሰዓት መጎለት ሥራ መጠየቅ አይደለም፤ ልመና ነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ እኔ ከተማውን ካየሁት አሥር ቀኔ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። የትምህርት ማስረጃዬንና ቅጂዎቹን ለሥራው ይይዛት በነበረች ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ከተተልኝና ባለው ደቂቃ ላይ ወጣሁ።

አውቶቡሱ ላይ ረዳቱን «ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ንገረኝ» አልኩት።

«የቱ ዳቦ ቤት?»

«ከሰዓት ሰሪው ቀጥሎ ያለው።»

ረዳቱ ወደ ሹፌሩ ዞረ። «ይሄ ልጅ ርቦታል መሰለኝ» አለ፤ ከኋላ ሰው ሳቀ።

የዛፉ አደባባይ የተባለውን እየጠበቅሁ በመስኮት አየሁ። ዛፍ አልነበረም። አደባባይም አልነበረም። አውቶቡሱ የኮንክሪት ማሳለጫ ላይ ወጣ፤ ወደ ግራ የሚያዞር ነገር ስላልነበረ ብዙ ርቀት ቀጥ ብሎ ሄዶ ወረደና በሌላ መንገድ ተመለሰ። በመጨረሻ በግምት ወርጄ አንድ ሎተሪ አዟሪ ጠየቅሁ።

«ዳቦ ቤቱን አልፈኸዋል» አለኝ፤ «ያ የቆርቆሮ አጥር አይታይህም? እሱ ነው።»

አጥሩ ረጅም ነበር፤ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። በቀዳዳው ሳይ ውስጡ ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ ከታች ዝናብ ያቆረው ውኃ አለ። እዚያ ከተማ ሰው አቅጣጫ የሚያመላክተው በነበረ ነገር መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀው ጉድጓድ ያያል።

ቀለም ፋብሪካው በር ላይ ስደርስ ከቀጠሮዬ አርባ ደቂቃ አሳልፌያለሁ። ጥበቃው መዝገቡን በጣቱ ወርዶ ስሜን አገኘውና «ተጠርተህ ነበር» አለኝ። ጸሐፊዋ ትሑት ሴት ናት፤ ቅጂዎቼን መለሰችልኝ። ግቢው የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል። አልተናደድኩም። ሽታው ራስ እንደሚያሳምም ብቻ ልብ አልኩ።

ቤት ስገባ እህቴ ቀድማ ደርሳ ነበር።

«እህስ!» አለ ጋሼ። «ዳቦ ቤቱ ጋ ወረድክ?»

አፌን ልከፍት ስል እህቴ ከአልጋው ራስጌ ቆማ፣ ብርድ ልብስ እያጠፈች፣ ራሷን በትንሹ ስትነቀንቅ አየኋት።

«ወረድኩ» አልኩ።

«ወረፋ ነበረው?»

«መቼ ወረፋ አጥቶ ያውቃል!» አለች እህቴ ቶሎ ብላ። «ዛሬ እንኳ ጋጋሪው፣ ደቂቃን ሰላም በይልኝ ብሎኛል።»

ጋሼ ሳቀ። «ያ ሌባ! ኪሎ ይቀንሳል፣ ሰላምታ ይጨምራል።»

ኩሽና ውስጥ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ ድምፅዋን ከውኃው ድምፅ በታች አድርጋ ነገረችኝ።

«ዳቦ ቤቱ ሲፈርስ ልነግረው ነበር። ያን ቀን ወገቡ ብሶበት ነበርና ነገ ብዬ ተውኩት። በነጋታው ደግሞ ሰዓት ሰሪውን አነሱት። ከዚያ ዛፉን ቆረጡ። አንዱን ከነገርኩት ሁሉንም ልነግረው ነው።»

«ሬዲዮ ይሰማ የለም እንዴ?»

«ሬዲዮ የተከፈተ መንገድ ያወራል እንጂ የፈረሰ ዳቦ ቤት ያወራል? ጓደኞቹም ሊጠይቁት ሲመጡ ደረጃው ላይ ጠብቄ እለምናቸው ነበር። አሁን እንደሆነ መምጣቱን ትተውታል።» ሳህኑን አለቀለቀች። «በልቡ ያንን መንገድ በየቀኑ ይነዳል። ተኝቶ እግሩ ፍሬን ሲረግጥ አየዋለሁ። ሲሻለኝ እመለሳለሁ ነው የሚለው። ወዴት ነው የሚመለሰው ልበለው?»

«ዳቦውን ከየት ነው የምታመጪው?»

«ከሆስፒታሉ ጀርባ። እባክህ ወንድሜ፣ በእናታችን። አንተ ተጠንቀቅ እንጂ እሱን ተወው።»

ቃል ገባሁ። እሷን የምወቅስበት ምክንያት አላገኘሁም፤ እሱንም እንደዚያው። ያረፈድኩት ለቀጠሮው ብቻ ሳይሆን ለከተማው ራሱ መሰለኝ።

ለሳሙና ፋብሪካው ጊዜ ጋሼ አርባ ሦስት ደቂቃ ጻፈልኝ። እኔ ደግሞ በልቤ ግማሽ ሰዓት ጨመርኩ። ችግሩ እንዴት ቀድሜ እንደምወጣ ነበር፤ አልጋው ከበሩ ፊት ለፊት ነው፤ ቦርሳዋም ሰዓቱ እስኪደርስ ከእሱ ጋር ነች፣ እንደ መንጃ ፈቃድ።

«ጋሼ፣ ቀደም ብዬ ልውጣ፤ ወረቀት ኮፒ የማደርገው አለ።»

«ኮፒ ቤቱ ከደረጃችን ሥር ነው። አንድ ወረቀት ነው?»

«አንድ።»

«ሰባት ደቂቃ» ብሎ ጨመረልኝ።

ከሰባቱ ደቂቃ ጋር ሄጄ አሥራ አንድ ደቂቃ አረፈድኩ። አስገቡኝ። ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ መሐል ያለው ራሰ በራ ሰውዬ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ፊቱ አስቀምጧል።

«ተቀመጥ» አለኝ። «የመጀመሪያውን ጥያቄ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በፊት ጠይቀንህ ነበር።»

የቀሩትን ጥያቄዎች መለስኩ። ሳሙና እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ስወጣ ራሰ በራው ቅጂዎቼን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረጋቸው፤ አነሳኋቸው።

ጋሼ በዚያ ሳምንት አሰበበት። «በሰዓትህ ደርሰህ ሁለት ጊዜ ከጣሉህ፣ እንግዲህ ጥፋቱ የሰዓት አይደለም» አለኝ፤ ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ያስከፋኝ መስሎት ደነገጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ሻይ ስሰጠው ያስጠናኛል።

«የውኃ ቀመር?»

«እሱን አውቀዋለሁ ጋሼ።»

«ስለምታውቀው ነው የምጠይቅህ። ፈተና ላይ የሚጠፋው የሚያውቁት ነው።»

ሦስተኛው የውኃ ማጣሪያ ጣቢያው ነበር፤ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሁለቱ ወር ቅዳሜ ያልቃል። አጎቴ እሑድ ጠዋት መናኸሪያ እቀበልሃለሁ ብሎ ልኳል። ከዚህ ሌላ ጥሪ አልነበረኝም።

ረቡዕ ዕለት ቤተ መጻሕፍት ልሄድ ነው ብዬ ወጣሁና መንገዱን በሐሙሱ ሰዓት ሄድኩበት። እያንዳንዷን ነገር በእጅ ስልኬ ሰዓት ያዝኩ። የፌርማታውን ወረፋ፣ ማሳለጫውን፣ በአጥሩ ዙሪያ የሚያዞረውን መንገድ፣ ከወረድኩ በኋላ ያለውን ዳገት። ሰማንያ አራት ደቂቃ። የጋሼ ወረቀት ሃምሳ አምስት ይላል። በሱ ስሌት ሦስት ሰዓት ከአምስት ልነሳ ነው፤ በእኔ ግን ቢበዛ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት።

ሐሙስ እህቴ በሰዓቷ ወጣች። በር ላይ ጉንጬን ይዛ «አንተ ታውቃለህ» አለችኝ፤ ምኑን እንደሆነ አልተናገረችም። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሸሚዜን አስገብቼ፣ ጫማዬን ጠርጌ ቆምኩ። ጋሼ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል፤ ቦርሳዋ ጭኑ ላይ ናት። የጠረጴዛው ሰዓት፣ ሻይ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ዳቦ ጎኑ አሉ።

«ገና ነው፤ ተቀመጥ» አለ።

ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆነ።

«ጋሼ፣ ሳይጨናነቅ ልሂድ።»

«የሚጨናነቀው አሁን ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ተማሪው ይገባል፣ ቢሮው ይገባል፣ መንገዱ ላንተ ብቻ ይሆናል።»

ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አንድ። የሰዓቱ ድምፅ ይሰማል። ልቤ ይመታ እንደሆነ አዳመጥኩ፤ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ዝም ብዬ ብቀመጥ የሚሆነውን አየሁት። ሦስት ሰዓት ከአምስት እወጣለሁ፣ ግማሽ ሰዓት አረፍዳለሁ፣ ቅጂዎቼን ይመልሱልኛል፣ እሑድ አጎቴ ይቀበለኛል፣ እዚህ ቤት ዳቦ ቤቱ እንደቆመ ይኖራል። መጥፎ አልመሰለኝም። ያስፈራኝ ነገር ቢኖር መጥፎ አለመምሰሉ ነው።

ተነሳሁና እጄን ለቦርሳዋ ዘረጋሁ።

«ምነው?» አለ። ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው። «ደቂቃዬን አታምናትም?»

«ዳቦ ቤቱ የለም ጋሼ።»

«ዘግቷል?»

«ፈርሷል። ሦስት ዓመት አልፎታል። ጉድጓድ ነው፤ በቆርቆሮ ታጥሯል።»

አልጮኸም። ቀስ ብሎ ዞረና በጨርቅ የተሸፈነውን ዳቦ አየ። ጨርቁን ገለጠው። «ይሄስ?»

«ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው የምትገዛው።»

ጨርቁን መልሶ አለበሰው፤ ጠርዙን አስተካከለ። «ሰዓት ሰሪውስ?»

«እሱም የለም።»

«ዛፉ?»

«ማሳለጫ ድልድይ ሆኗል።»

«ዛፉ ምን አደረጋቸው?» አለ፤ የሚጠይቀው እኔን አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ «እና ለቀለሙና ለሳሙናው…» ብሎ ጀመረ፤ ጣቶቹ ቦርሳዋ ላይ ሲደምሩ አየሁ። «አርፍደህ ነበር።»

«አርፍጄ ነበር።»

«በእኔ ወረቀት።»

ዓይኑ ሰዓቱ ላይ አረፈ።

«እውነተኛው ስንት ነው?»

«ሰማንያ አራት።»

ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ይላል። ፊቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ንዴት አየሁ፤ የሹፌር ንዴት ነው። «እና አሁን ድረስ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ቦርሳዋን ደረቴ ላይ ወረወራት። «ሩጥ እንጂ!»

ሮጥኩ። ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለልኩ ወረድኩ። አውቶቡሱ በሩን ሲዘጋ ክንዴን አስገባሁ፤ ረዳቱ ስለ እናቴ አንድ ነገር አለ። ማሳለጫው ላይ ቆምን። ከፊት የጭነት መኪና ተበላሽቶ አሽከርካሪው ከሥሩ ገብቶ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ጎኔ የቆመች ሴትዮ የስልኳን ሰዓት እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ እግሮቹን አየሁ። ካልሲዎቹ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ቡናማ ነው፣ አንዱ ጥቁር።

አጥሩ ጋ ወርጄ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ። የጣቢያው በር ላይ ስደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ጥበቃው መዝገቡን ከፈተ፣ ኪሱን ፈተሸ፣ መሳቢያውን ፈተሸ።

«እስክሪብቶ አለህ?»

ቦርሳዋ ውስጥ እጄን ስከት የጋሼን እርሳስ አገኘሁ። ጥበቃው በእርሳስ መጻፍ ክልክል ነው አለኝ፤ ከዚያ ፊቴን አየና በእርሳስ ጻፈ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ።

ቃለ መጠይቁ ቢሮ ውስጥ አልነበረም። የላቦራቶሪው ኃላፊ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት፤ ቀጥታ ወደ ቡሬቱ፣ ጠብታ ወደሚለካበት የመስታወት ቱቦ፣ ወሰደችኝ።

«ወሬ በኋላ ነው። መጀመሪያ እጅህን ልየው» አለች። «ብልቃጡ ውስጥ ያለውን አሲድ ለካልኝ። ፈዛዛ ሮዝ ሲሆን አቁም። አንድ ጠብታ ቀድመህ ብታቆምም፣ አንድ ጠብታ ብታሳልፍም፣ እኔ ዘንድ ያው ስሕተት ነው።»

እንዲህ የሚል ሌላ ሰው አውቃለሁ ልል ብዬ ተውኩት። ብልቃጡን እያሽከረከርኩ አንጠባጠብኩ። ያ ሁሉ ሩጫ አልፎ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ከእኔ በፊት የተፈተነው ልጅ ጥግ ላይ ቆሞ መዳፉን ሱሪው ላይ ያብሳል፤ ብልቃጡ ቀይ ሥር የተቀቀለበት መስሏል። ምናልባት የሚያስብ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። የእኔ ላይ ሮዟ መጣች፣ ጠፋች፣ መጣች፣ ቀረች። ቧንቧውን ዘጋሁ።

ኃላፊዋ ነጭ ወረቀት ከብልቃጡ ኋላ ያዘችና አየች። «እህ» አለች። ከዚያ ብዙ ሰዓት የፈጀ የመሰለኝን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ መጨረሻ ላይ «ናሙና ከየሰፈሩ መቅዳት አለ። ከተማውን ታውቀዋለህ?» አለች።

«የድሮውን በደንብ አውቀዋለሁ» አልኩ። «የአሁኑን እየለመድኩ ነው።»

«ቧንቧዎቻችንም የድሮው ዘመን ናቸው» አለ ቆሞ ሲሰማ የነበረ ቧንቧ ሠራተኛ፤ የሳቀው ግን እሱ ብቻ ነው።

ውጭ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ከዚያ ጸሐፊዋ መጥታ የሦስት ወር ሙከራ፣ ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት አለችኝ። ቅጂዎቼን አልመለሰችም። አመሰገንኳትና ዳገቱን ወረድኩ። ደስ ይለኝ እንደሆነ እያየሁ ሄድኩ። አልመጣም። እንግዲህ መንገድ ላይ ይሆናል፣ ማሳለጫው ላይ ቆሞ ይሆናል አልኩ ለራሴ።

ወዲያው ቤት አልገባሁም። ምን እንደምል ስላላወቅሁ ፌርማታው ጋ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ እህቴ ከሥራ እስክትመጣ ጠበቅሁ። ስትወርድ አየችኝ። እጇ ላይ ዳቦ አለ።

«ነገርከው» አለች። ጥያቄ አልነበረም፤ ፊቴ ላይ ሳታነብ አልቀረችም።

«ነገርኩት። ቃሌን አፈረስኩ።»

ዳቦውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «የፈረሰው ብዙ ነው» አለች። ደረጃውን ተከታትለን ወጣን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ከዚያ ቀድማኝ ገባች።

ጋሼ እንደተውኩት ተቀምጧል። የጠዋቱ ዳቦ አልተነካም። ሻዩ ላይ ስስ ቆዳ ተጋግሯል። እህቴ ይዛ የመጣችውን ዳቦ ከድሮው ጎን አስቀመጠችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የሰዓቱ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ሦስት ዓመት ሰላም ሲለኝ የነበረው ጋጋሪ» አለ ጋሼ በመጨረሻ፤ «የት ገባ?»

«ልጁ ጋ ሄደ። ደህና ነው» አለች።

«ኪሎ ይቀንስ ነበር።»

«ይቀንስ ነበር።»

እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ቦርሳዋን ሰጠሁት። ከፍቶ ወረቀቶቹን በአውራ ጣቱ ቆጠረ፤ ማስረጃዬ አለ፣ ቅጂዎቹ የሉም። እርሳሱን አወጣ፣ ጫፉን አየ። ከካላንደሩ አዲስ ወር ቀደደና ገለበጠው።

«ከደረጃው እንጀምር። ፌርማታው እንኳ አለ?»

«አለ። ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ታች ወርዷል።»

ጻፈ። «ከዚያ?»

ነገርኩት። የቱ ጋ ወረፋ እንደሚበዛ፣ የቱ ጋ እንደሚያዞር፣ ደቂቃውን ጭምር። የሚጽፈው ቀስ ብሎ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ እርሳሱ ቆሞ ይቆያል፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ይሆናል፣ ከዚያ ይመለሳል።

«ድልድዩ ላይ ስትወጣ ምን ይታያል?»

አሰብኩ። ያንን ድልድይ ስድስት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ። ምን እንደሚታይ አላውቅም ነበር።

«ሆስፒታሉ ይታያል» አለች እህቴ። «እኛ የምንሠራበት ጣሪያ። ፀሐይ ካለ አንሶላው ተሰጥቶ ይታያል፤ ሁሉም ነጭ። ከዚያ ወዲያ የእግር ኳስ ሜዳው። ከዚያ ወዲያ ያልጨረሱት ፎቅ አለ፤ እርግብ ገብቶበታል።»

«ስንተኛው ፎቅ ላይ?»

«አራተኛው። አራተኛና አምስተኛው።»

እሱንም ጻፈው፤ ለደቂቃ የማይጠቅም ቢሆንም። ከዚያ እኔን ተወኝና እሷን ይጠይቃት ጀመር፤ እሷም መለሰች። መጀመሪያ ቃል ቃል እየለቀመች ነበር፤ በኋላ እየተጣደፈች። እኔ ዳቦውን ቆረስኩ፣ አዲሱን። ሁለቱም ሳያዩ ወሰዱ።

አጥሩ ጋ ስንደርስ እርሳሱ ቆመ።

«እዚህ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሰማያዊው አጥር ጋ ውረድ» አልኩ።

እንዳልኩት ጻፈ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ዳቦ ቤቱ የነበረበት» ብሎ ጨመረ። ከዚያ ዳገቱን ጽፎ መስመር አሠመረ።

«ሰማንያ አራት። ዛሬ ስንት ፈጀብህ?»

«ሰማንያ አንድ። ሮጬ ነው።»

«በየቀኑ አይሮጥም። ሰማንያ አራት ይሁን።» ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀና አየው። «ሥራው ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?»

እህቴ ዞራ አየችኝ።

«ሁለት ሰዓት» አልኩ። «ሰኞ።»

ጋሼ ቀነሰ። ያሁኑ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ወረቀቱ አናት ላይ ጻፈና አጥፎ ሰጠኝ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አራት» አለ። «ሁለቱ ደቂቃ ለጥበቃው ነው። ቀድመህ እንዳትወጣ።»